የሒሳብ ሰው የሚሸለመው በምኑ ነው?

የኖቤል ሽልማት ወሬ በተሰማ ቁጥር የነቀምቴ ተማሪዎቼ አንድ ጥያቄ አያጡም፦ «ቲቸር፣ ለማትስ የለም እንዴ?» የለም። ለሒሳብ ሰዎች ያሉት ሌሎች ናቸው። የፊልድስ ሜዳሊያ በየ4 ዓመቱ 40 ዓመት ላላለፋቸው ይሰጣል። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የምትሰጠው የአቤል ሽልማት ደግሞ ዕድሜ አይጠይቅም።

አስከትዬ የሒሳብ ሊቁን የአንድሩ ዋይልስን ታሪክ እነግራቸዋለሁ። ከ350 ዓመት በላይ ሊቃውንትን ሲያስቸግር የኖረውን የፌርማን የመጨረሻ ቲዎረም አረጋግጫለሁ ብሎ በ1993 ይፋ አደረገ። ሥራው ሲመረመር ግን ክፍተት ተገኘበት። በዓመቱ ከቀድሞ ተማሪው ከሪቻርድ ቴይለር ጋር ሆኖ ሞላው። ሜዳሊያው በዕድሜ ምክንያት ስላለፈው በ1998 ልዩ የብር መታሰቢያ ተሰጠው፤ የአቤል ሽልማት የደረሰው በ2016 ነው። ተማሪዎቼ እንዲይዙልኝ የምፈልገው ክፍተቱን ነው። ያ እስኪሞላ ድረስ ቲዎረሙ እንደተረጋገጠ ሊቆጠር አልቻለም።

ከአህጉራችንም ሰው አለ። ሴኔጋላዊው ሙሀመድ ሙስጠፋ ፎል በ2022 የታዳጊ አገሮች ወጣት ሊቃውንት የሚያገኙትን የራማኑጃን ሽልማት ወስዷል። የፎል ዘርፍ ፓርሻል ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ነው። የእኛው ፕሮፌሰር ሽፈራው ብርሃኑም በዚሁ ዘርፍ የሚታወቁ ናቸው። በፊላደልፊያው ቴምፕል ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ፣ ብራዚል ካሉ ሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር የጻፉትን መጽሐፍ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ በ2008 አሳትሞላቸዋል። ለአንድ የሒሳብ ሰው፣ ሌላው ተመራማሪ ሥራውን መስመር በመስመር አንብቦ የራሱን ሥራ ሲጀምርበት ከማየት የሚበልጥ ክብር ያለ አይመስለኝም።

እኛ ጋ ግን የ12ኛ ክፍል ፈተና ምርጫ ነው። ተማሪው ትክክለኛዋን ፊደል ካጠቆረ በቃ፤ እንዴት እንደደረሰባት የሚጠይቀው የለም። ስለዚህ ማጥቆርን ይለማመዳል። አምና 1+3+5+7 እያልን የጎዶሎ ቁጥሮችን ድምር ስንፈልግ አብዛኞቹ ቀመር አወጡ። አንዲት ልጅ ግን ጠመኔ አንስታ ሰሌዳው ላይ አንድ ነጥብ አደረገች። በጎኑና በላዩ 3 ጨመረች፣ 4 ሆነ። እንደገና በጎኑና በላዩ 5 አከለች፣ 9 ሆነ። ካሬው በየዙሩ በአንድ ረድፍ እያደገ ሄደ። ድምሩ ምንጊዜም የቁጥሮቹ ብዛት በራሱ ተባዝቶ እንደሚሆን፣ ለምን እንደሚሆንም፣ መጨረሻ ወንበር ላይ ያሉት ሳይቀሩ አዩ። ይህ ማረጋገጫ ነው፤ የፈተና ወረቀቱ ግን ለዚህ ቦታ የለውም።

በወላጆች በዓል ከ1ኛ እስከ 3ኛ የወጡትን እንሸልማለን፤ ይገባቸዋል። በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በሻምቡና በደምቢ ዶሎ ያላችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ዘንድሮ ለምርጥ ማረጋገጫ አንድ ሽልማት ጨምሩ። ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል። ማረጋገጫውን ግን ተማሪው ራሱ ወላጆች ፊት ሰሌዳ ላይ ያስረዳ።