«ዋን» እና «ቢት»

በአማርኛ «አሸነፈ» የሚለው ቃል ሁሉን ይችላል። ውድድሩንም፣ ተወዳዳሪውንም፣ በሽታውንም እናሸንፋለን። እንግሊዝኛ ግን ይህንን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ልጆቻችን የሚሰናከሉትም እዚህ ላይ ነው።

«ዊን»፣ ላለፈ ጊዜ «ዋን»፣ የሚከተለው የተገኘው ነገር ነው፦ ጨዋታው፣ ዋንጫው፣ ሜዳሊያው። ሰው ወይም ቡድን ሲሸነፍ ግን «ቢት» ይባላል፤ ይህም ላለፈው ጊዜ አይለወጥም። ትምህርት ቤት «ቢት» መምታት ነው ብለው ስላስተማሩን እንፈራዋለን። አትፍሩት፤ ማንም አልተደበደበም።

ኃይሌ ገብረሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ በ10 ሺህ ሜትር ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ብቻ ቀደመው። «ኃይሌ ዋን ቴርጋት» ካልን ቴርጋት በዕጣ የደረሰው ሽልማት ይመስላል። «ኃይሌ ዋን ዘ ሬስ» ወይም «ኃይሌ ቢት ቴርጋት» ነው። ለጥቂት መሆኑን ለመግለጽ «ኃይሌ ኦንሊ ጀስት ቢት ቴርጋት» ይበሉ። «ጌይንድ ኤ ቪክትሪ ኦቨር» ስህተት ባይሆንም የታሪክ መጽሐፍ ይሸታል። ልጅዎ ከክፍል አንደኛ ስትወጣም «መውጣት»ን ቃል በቃል አይተርጉሙት፤ «ሺ ኬም ፈርስት» ይበቃል።

ጡረተኛ ነርስን ይህ ምን አገባት ትሉ ይሆናል። አንዲት ጎረቤቴ ውጭ አገር ተወልዳ ላደገችና አማርኛ ለማታነብ የእህቷ ልጅ መልእክት አዘጋጅታ እንዳይላት አመጣችልኝ። ልጅቷ የጡት ካንሰር ሕክምናዋን ጨርሳለች። ጽሑፉ «ኮንግራቹሌሽንስ፣ ዩ ዋን ካንሰር» ይላል። ለእንግሊዝኛ አንባቢ ይህ «እንኳን ደስ አለሽ፣ ካንሰር ደረሰሽ» እንደማለት ነው!

«ዩ ቢት ካንሰር» ቢባል ቋንቋው ትክክል ነው፤ ባለቤቶቹም ይሉታል። እኔ ግን በነርስነቴ አልቸኩልም። ሕክምና መጨረስና መዳን አንድ አይደሉም፤ ክትትሉ ዓመታት ይወስዳል። ቃሉን መጀመሪያ ታማሚዋ ራሷ ብትለው ይሻላል። በካንሰር ለሞተ ሰው የሚባለውን «ሎስት ሂዝ ባትል»ንማ ጨርሶ አልወደውም። ሟቹ በደንብ ስላልታገለ የተሸነፈ ያስመስላል፤ አልጋው አጠገብ ቆመን ላደርን ሰዎች ይህ አይዋጥልንም።

ስለዚህ «ዊ አር ሶ ግላድ ዩር ትሪትመንት ኢዝ ኦቨር» ብለን ጻፍን።

«ሲስተር፣ እግዜር ይማርሽ የሚለውስ?» አለችኝ ጎረቤቴ።

እሱን አልተረጎምነውም። በላቲን ፊደል፣ እንዳለ፣ በአማርኛው ጻፍንላት።