የልጅ ጉርስ በእናት ጠባይ ሲለካ

በአሜሪካ፣ በአላባማ ግዛት፣ ዳላስ አውራጃ፣ ወይዘሮ ስሚዝ የሚባሉ እናት አራት ልጆች ያለ ባል ያሳድጉ ነበር። በአስተናጋጅነትና በወጥ ቤት ሠራተኛነት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል እስከ እኩለ ቀን ይሠራሉ፤ ደመወዛቸው በሳምንት ከ16 እስከ 20 ዶላር ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ግዛቱ ለልጆቹ ይሰጥ የነበረውን ድጎማ ቆረጠ። ምክንያቱ አንድ ሰው ቅዳሜና እሑድ ቤታቸው ይመጣል የሚል ነበር። ሰውየው የልጆቹ አባት አይደለም፤ የራሱ ሚስትና ዘጠኝ ልጆች አሉት፤ የወይዘሮዋን ልጆች የማሳደግ ሕጋዊ ግዴታም የለበትም። የአላባማ ደንብ ግን «ምትክ አባት» ብሎ ቆጠረው። ደንቡ በ1964 ከወጣ በኋላ ሦስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ የተረጂ ልጆች ቁጥር በ16 ሺህ ያህል ቀነሰ።

ድጎማው የተወለደው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በ1935 በፈረሙት የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ ነው። ያ ሕግ ትልቅ ሥራ ሠርቷል፤ ክፉ ዘርም ዘርቷል። የእርሻ ሠራተኞችንና የቤት ሠራተኞችን ከጡረታ መድን ውጭ አደረገ፤ በደቡብ አብዛኛው ጥቁር ሠራተኛ የሚኖረው በእነዚሁ ሥራዎች ነበር። የችግረኛ ልጆችን ድጎማ ደግሞ ማን እንደሚያገኝና ስንት እንደሚያገኝ ለግዛቶች ተወ። ሉዊዚያና በ1960 ከጋብቻ ውጭ የወለዱ እናቶችን ቤት «ለልጅ የማይመች» ብላ ከ20 ሺህ በላይ ልጆችን ከመዝገብ ሰረዘች፤ አብዛኞቹ ጥቁር ነበሩ። እናትን ለመቅጣት ልጅን ማስራብ በየትኛውም ሚዛን ፍትሕ አይባልም።

ወይዘሮ ስሚዝ ግን ዝም አላሉም፤ ከሰሱ። በ1968 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሙሉ ድምፅ ፈረደላቸው። ከሁለት ዓመት በኋላም ድጎማ ከመቋረጡ በፊት ተረጂው ቀርቦ የመሰማት መብት እንዳለው ያው ፍርድ ቤት ወሰነ።

በ1996 ፕሬዚዳንት ክሊንተን የፈረሙት ሕግ ይህን ድጎማ አስቀርቶ በዓመት 16.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ለግዛቶች የሚያከፋፍል ሥርዓት ተካ። ገንዘቡ ከኑሮ ውድነት ጋር አያድግም። አንድ ቤተሰብ በፌዴራል ገንዘብ የሚረዳበት ዘመንም በጠቅላላው በአምስት ዓመት ተወሰነ። መለኪያው ከእናት ጓዳ ወደ ቀን መቁጠሪያ ተዛወረ፤ የሚራበው ያው ልጅ ነው።

ይህ ሕግ እኛንም ይነካል። በዲቪ ግሪን ካርድ ይዞ የገባ አዋቂ በመደበኛው ደንብ ይህን የገንዘብ ድጎማና ፉድ ስታምፕ (የምግብ መግዣ ድጎማ) ለማግኘት አምስት ዓመት መጠበቅ አለበት። ለጉዞ የምትዘጋጁ ቤተሰቦች፣ የእነዚያን ዓመታት ወጪ ያለ እነዚህ ድጎማዎች አስሉ።