እሳት የሞላበት ሥዕል እንዴት ይታያል?

ልጆቻችሁ ከትምህርት ቤት ጋር ሙዚየም ደርሰው ሲመለሱ «ምን አያችሁ?» ብትሏቸው፣ «ምንነቱ የማይታወቅ ቀለም ብቻ» የሚሏችሁ ጊዜ አይጠፋም። ዛሬ የምናወራችሁ ስለ እንዲህ ዓይነት ሥዕል ነው። ሠዓሊዋ የአገራችን ልጅ ስትሆን፣ የአንዱ ሥዕሏ ስም ዕብራይስጥ ነው።

ጁሊ ምህረቱ ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1970 አዲስ አበባ ተወለደች። አባቷ ኢትዮጵያዊ የጂኦግራፊ መምህር፣ እናቷ አሜሪካዊት ናቸው። በደርግ ዘመን አገር ሲታመስ፣ በ1977 ቤተሰቡ ወደ አሜሪካ፣ ሚሺጋን ተሰደደ። እንግዲህ እሷም እንደ ልጆቻችሁ በሕፃንነቷ አገርና ቋንቋ የቀየረች ናት። በ2016 ሥራዎቿን አዲስ አበባ በገብረ ክርስቶስ ደስታ ማእከል አሳይታለች። ከ2019 እስከ 2022 ደግሞ የብቻዋ የሆነ ትልቅ ዐውደ ርእይ ከሎስ አንጀለስ ተነሥቶ አትላንታን፣ ኒውዮርክንና ሚኒያፖሊስን ዞሯል።

ከሥራዎቿ መካከል በ2018 የሠራችው «ሂኔኒ» ይገኛል። ቁመቱ ወደ ሁለት ሜትር ተኩል፣ ስፋቱ ሦስት ሜትር ያህል ነው። ሰው፣ ቤት፣ ዛፍ አይታይበትም። ብርቱካንማና ቀይ ቀለም እንደ ፍም ይግላል፤ በላዩ ጥቁር ጭረት እንደ ጢስ ይመላለስበታል። ዓለም ያለቀች ይመስላል።

ሠዓሊዋ መጀመሪያ የዜና ፎቶግራፍ ትመርጣለች። በኮምፒዩተር ታደበዝዘዋለች፤ ቅርጹ ይጠፋና ቀለሙ ብቻ ይቀራል። ከዚያ በላዩ ትጭራለች፣ ትፍቃለች፣ እንደገና ትጭራለች። የ«ሂኔኒ» መነሻ በ2017 ካሊፎርኒያን ያቃጠለው ሰደድ እሳት ነው። በዚያው ዓመት በምያንማር የሮሂንጋ ሕዝብ መንደሮች ተቃጥለዋል፤ ሥዕሉ ያንንም ያስታውሳል። ሦስተኛው እሳት ደግሞ በስሙ ውስጥ አለ። ከስሙ ጎን የተጻፈው ምዕራፍ 3 ቁጥር 4 ከኦሪት ዘጸአት ነው፤ እዚህ «ሽሞት» የሚባለው መጽሐፍ። ቁጥቋጦው እየነደደ ሳይቃጠል ሲቀር፣ እግዚአብሔር «ሙሴ፣ ሙሴ» ብሎ ጠራው፤ እሱም «ሂኔኒ»፣ «እነሆኝ» አለ። ታዲያ ያ ቀይ ቀለም የሚያጠፋው እሳት ነው ወይስ የሚጠራው? ሠዓሊዋ አልወሰነችልንም፤ ለኔ ሥዕሉን ትልቅ ያደረገው ይኸው ነው።

እናቶችና አባቶች ሆይ፣ «እኛ ዕብራይስጡን አናውቅ፣ ከልጆቻችን ጋር ምን እናያለን?» አትበሉ። የሙሴን ታሪክ ከቄሶች አፍ የሰማችሁት እናንተ ናችሁ። ልጁ ግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ ያንብብላችሁ፤ እናንተ ታሪኩን ንገሩት። በመጀመሪያ ራቅ ብላችሁ ቁሙ፣ ቀጥሎ ወደ ጭረቱ ቅረቡ፤ በእጅ መንካት ግን ክልክል ነው። «ምንድን ነው?» ከማለት «ምን አስታወሰህ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

አንዳንዶቻችሁ ከጎንደርም ሆነ እዚህ ከደረሳችሁ ወዲህ እውነተኛ ጢስ አይታችኋል። ልጁ እንዲህ ያለ ሥዕል ፊት ቆሞ ዝም ካለ አታስገድዱት። ውጡና ውሃ ጠጡ፤ ማውራት ሲፈልግ ቤት ውስጥም ያወራል። ደጋግሞ የሚባንን ወይም ምግብ የሚተው ከሆነ ግን ለመምህሩ ወይም ለቤተሰብ ሐኪማችሁ ንገሩ።

«ሂኔኒ» ፓሪስ በሚገኘው የፖምፒዱ ማእከል ስብስብ ውስጥ ስለሆነ ከዚህ ሄዶ ማየት አይመችም። ለመለማመድ ግን ጋን ያቭኔና ገደራ ላላችሁ አሽዶድ ቅርብ ነው፤ የሥነ ጥበብ ሙዚየም አለው። ከመሄዳችሁ በፊት የመግቢያውን ዋጋና ክፍት የሚሆንበትን ሰዓት በስልክ ጠይቁ፤ ለአዲስ ገቢ ቅናሽ ካለም አብራችሁ ጠይቁ።