ተሸናፊ ይከፍላል

«ጋሼ፣ ወደ በሩ ትስባለች፤ ትንሽ ወደ ግድግዳው ይስጧት።»

ይህን ያለኝ ተጋጣሚዬ ነው። ኮልፌ፣ አጠና ተራ አካባቢ ባለች አንዲት የቆርቆሮ ፑል ቤት፣ ጥቁሯን ኳስ ልመታ አጎንብሻለሁ። ዝም ቢል ኖሮ ኳሷ ቀዳዳውን ስታ ትቀር ነበር። ተናገረ፤ ገባች፤ ከኪሱ አውጥቶ የጌሙን ከፈለ። ደንቡ ያ ነው፤ ተሸናፊ ይከፍላል።

ነገሩ እንዲገባን ጠረጴዛውን ማወቅ አለብን። ደህና የፑል ጠረጴዛ ከጨርቁ ሥር ተልጎ የተስተካከለ የድንጋይ ንጣፍ አለው፤ ከባድ ስለሆነ ዝንፍ አይልም። ርካሹ ግን ከሥሩ ጣውላ ነው። ክረምት ሲገባ እርጥበት ይጠጣና ያብጣል፤ የኮልፌ ወለል ደግሞ ሜዳ ሆኖ አያውቅም፣ ስለዚህ አንደኛው እግር ሥር የታጠፈ ካርቶን ይገባል። እያንዳንዱ ጠረጴዛ እንዲህ የራሱ አመል አለው። ደንበኛው አመሉን ያውቃል፣ እንግዳው አያውቅም። አመሉን ለእንግዳ መንገር ማለት እንግዲህ ብልጫን በገዛ እጅ አሳልፎ መስጠት ነው።

ጨዋታው ራሱ ቀላል ነው። ኳሶቹ 16 ናቸው፦ አንድ ነጭ፣ ሰባት ሙሉ ቀለም፣ ሰባት ባለ መስመር፣ ባለ 8 ቁጥሯ ጥቁር። ሰባቱን ጨርሶ ጥቁሯን ያስገባ አሸነፈ፤ ጥቁሯን ቀድሞ ያስገባ ጉድ ሆነ። የመምቻ ዱላ ሲመረጥ ማየት ደስ ይላል። ጨርቁ ላይ ያንከባልሏታል፤ ጫፏ ከዘለለ ጠማማ ናት። አጠና ሲሸጥ እያየ ያደገ የሰፈር ልጅ ግን አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አሻግሮ ካያት ይበቃዋል፤ ከዚያም ቀጥ ያለችውን ለእንግዳው ይሰጣል።

ፑል ቤት ውስጥ ዳኛ የለም። እጅጌህ ኳስ ከነካች «ነክቻለሁ» የምትለው አንተ ነህ። በትልልቆቹ የስኑከር ውድድሮችም ዳኛው ቆሞ እያለ ተጫዋቹ ጥፋቱን በራሱ አፍ መናገሩ የጨዋታው ክብር ነው። እኛ ጋ ዳኛው አግዳሚው ላይ የተደረደረው ተመልካች ነው። የደበቀ ሰው አይሰደብም፣ አይመታም፤ ብቻ ሌላ ጊዜ ሊጫወት ተራው ሲደርስ፣ ተጋጣሚው ድንገት «ስልክ ተደወለልኝ» ብሎ ይወጣል።

የፑል ቤት ስም እንደማያምር አውቃለሁ። ሺሻው፣ ጫቱ፣ ከትምህርት ቤት የቀረው ተማሪ፣ ውርርዱ አለ። በአዲስ አበባ ትምህርት ቤት አጠገብ ያሉት በተደጋጋሚ ሲታሸጉ፣ አሻጊዎቹ ተሳሳቱ አልልም። እኔ የምመርጠው ዩኒፎርም የለበሰን ልጅ ከደጃፍ የምትመልሰውን ቤት ነው። ደግሞም ወዳጅ በብር መጫወት የጀመረ ዕለት ጠረጴዛዋ ወደ በሩ እንደምትስብ የሚናገር አይገኝም።

ከዓለም ተጫዋቾች የምወደው ፊሊፒናዊው ኤፍሬን ሬየስ ነው። ልጅ ሳለ ማኒላ በአጎቱ ፑል ቤት እየሠራ ሌሊት ጠረጴዛው ላይ ይተኛ ነበር። በ1999 እ.ኤ.አ. የናይን ቦል ፑል የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ ከድሉ እኩል የሚነገርለት ትሕትናው ነው። ጠረጴዛ ላይ ያደረ ሰው የጠረጴዛን አመል ሳያውቅ አይቀርም።

ባለፈው ክረምት እዚያችው ቤት መብራት ጠፋ። ሁለቱም ተጫዋቾች ጥቁሯ ላይ ደርሰዋል፤ በውርርድ ባይሆንም ቤቱ ተሟሙቋል። ጨለማው ድርግም እንዳለ ማንም ሳያዝ ሁሉም ከጠረጴዛው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፤ የጫማውን ኮሽታ ሰማሁ። ከዚያ አንድ የስልክ መብራት፣ ሁለት፣ አምስት፣ በተዘረጋ ክንድ ከጨርቁ በላይ። ከመብራቶቹ አንዱን የያዘው የመቺው ተጋጣሚ ራሱ ነበር፤ ጥላው ኳሷ ላይ እንዳይወድቅ ክንዱን ወደ ጎን መለስ አድርጎ፣ «ምታ» አለው።