በቤቱ ድምፁን የሚቀዳ ዘፋኝ የትኛውን ዕቃ ይግዛ?

እንጅባራ ደጋ ናት። ክረምት በገባ ጊዜ ዝናሙ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰዎች እንኳ መነጋገር ይቸግራቸዋል። እንግዲህ በዚህች ከተማ በቤቱ ሆኖ የአዊኛ ዜማ ልቅዳ የሚል ወጣት፥ ዕቃ ከመግዛቱ አስቀድሞ ይህንኑ ቆርቆሮ ቢያስብ መልካም ነው እንላለን።

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ከመቶ ዓመት በፊት ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹት ጀርመን አገር ተሻግረው ነበር። ዛሬ ማይክሮፎንን ከኮምፒዩተር የሚያገናኘው ኢንተርፌስ፥ ሙዚቀኞቻችን «ሳውንድ ካርድ» የሚሉት፥ በአንድ እጅ የሚያዝ ዕቃ ሆኗል። ሥራውም ከማይክሮፎኑ የሚመጣውን ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት አጉልቶ ወደ አኃዝ መለወጥ ነው።

ብዙ መሰኪያ ያለው ዕቃ ዓይን ይስባል። ነገር ግን ብቻውን ለሚዘፍን ሰው ስምንት መሰኪያ ምን ይረባዋል? እንደ ስካርሌት ሶሎ ያለው፥ አንድ ማይክሮፎን የሚቀበለው ይበቃዋል። ማሲንቆ የሚመታለት ጓደኛ ካለው ግን ሁለት ማይክሮፎን የሚቀበለውን ይምረጥ፤ ድምፁንና ማሲንቆውን ለየብቻ መቅዳት ይችላልና። መብራት በጠፋ ጊዜ ሥራው እንዳይቆም፥ ኃይሉን በዩኤስቢ ከላፕቶፕ የሚወስደው ይሻላል።

ኮንደንሰር የሚባለው ማይክሮፎን አብዛኛውን ጊዜ ከኢንተርፌሱ 48 ቮልት ካልተላከለት አይሠራም። ጥራቱ የተመሰገነ ቢሆንም ዝናሙንም የጎረቤቱን ዶሮም አብሮ ይለቅማል። እኛ ብንጠየቅ እንደ ሹር ኤስኤም58 ያለውን ዳይናሚክ እንመርጣለን፤ ከአፍ አጠገብ ስለሚያዝ የቤቱ ጫጫታ ይቀንስለታል። ዕዳው ምልክቱ ደካማ መሆኑ ነው። ኢንተርፌሱ ወደ 60 ዴሲቤል የሚጠጋ የማጉላት አቅም ከሌለው፥ ቁልፉን እስከ ጥግ ሲያዞሩት ከዘፈኑ ሥር ሹሽታ ይሰማል። ሻጩ «ሁሉም አንድ ነው» ቢል አይመኑት፤ ጆሮ ማዳመጫ ሰክተው እዚያው ይሞክሩት። የራስዎ ድምፅ ዘግይቶ ከተመለሰብዎ፥ ኮምፒዩተሩ ሳይደርስ በቀጥታ የሚያሰማ መጫኛ እንዳለው ይጠይቁ። ዘግይቶ የሚመጣ ድምፅ ጎበዙን ዘፋኝ ሳይቀር ከምት ያስወጣዋል።

ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በዓል በእንጅባራ ሲከበር የጥንቱን ዜማ የሚያውቁ አዛውንት ከየወረዳው ይመጣሉ። ከነዚህ አንዱን ቤት ጋብዞ ለመቅዳት የታደለ ሰው ልኩን በለሆሳሱ ዜማ ብቻ እንዳይወስን እንለምነዋለን። አዛውንቱ ድንገት ወደ ፉከራ ሲሸጋገሩ ቀዩ መብራት ይበራል፤ በዚያ ቅጽበት የተሰነጠቀውን ድምፅ መልሶ የሚጠግን ባለሙያ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። በ24 ቢት ከቀዱ ዝቅ አድርጎ መቅዳት አይጎዳም፤ ከፍተኛው ድምፅ ከጣሪያው 12 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ይበል። ብርድ ልብሱንም ከጀርባቸው መስቀል አይርሱ።