መለያ ለጥፎ ከሕግ ተጠያቂነት መዳን ይቻላል? አርኤፍአይዲ በመድኃኒት ፋብሪካ፦ ተረትና እውነታ

መድኃኒት የሚገዛ ሰው ክኒኑ እውነተኛ መሆኑን በዓይኑ አይቶ ማረጋገጥ አይችልም፤ ማሸጊያውን አምኖ ይውጠዋል። አደራው ከባድ በመሆኑም በብዙ አገሮች አምራቾች ምርታቸው ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ በማስረጃ እንዲያሳዩ በሕግ ይገደዳሉ። ይህን ግዴታ ለመወጣት ከሚቀርቡት መሣሪያዎች አንዱ አርኤፍአይዲ፣ ማለትም በሬዲዮ ሞገድ የሚነበብ ትንሽ መለያ ነው። መሣሪያው ጠቃሚ ነው። ስለ እሱ የተሰራጩት የተሳሳቱ እምነቶች ግን ፋብሪካን ለከንቱ ወጪ፣ ታማሚን ደግሞ ለአደጋ ይዳርጋሉ። አንድ በአንድ እንያቸው፤ ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ተረት 1፦ ሕጉ አርኤፍአይዲ እንዲለጠፍ ያስገድዳል።

እውነታ፦ ይህ እምነት ከባዶ አልተነሣም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2004 ባወጣው ሪፖርት፣ ቴክኖሎጂው እስከ 2007 ድረስ ሐሰተኛ መድኃኒትን ለመከላከል በስፋት ሊሠራበት እንደሚችል ገልጾ ነበር። የመድኃኒት አምራቹ ፋይዘርም በአሜሪካ ለሚሸጠው ቪያግራ መለያውን መጠቀም መጀመሩን በ2006 መጀመሪያ አስታወቀ። በ2013 የጸደቀው የአሜሪካ የመድኃኒት አቅርቦት ሰንሰለት ደኅንነት ሕግ ግን ሌላ መንገድ ያዘ። አስተዳደሩ በመመሪያ ሌላ ካልፈቀደ በቀር፣ በእያንዳንዱ ማሸጊያ ላይ የሚፈለገው ዳታ ማትሪክስ የተባለው ካሬ ባርኮድ ነው። በውስጡም የምርቱ ኮድ፣ የማይደገም ተከታታይ ቁጥር፣ የባች (በአንድ ዙር የተመረተ ምርት) ቁጥርና የአገልግሎት ማብቂያ ቀን ይያዛሉ። የአውሮፓ ኅብረትም ከፌብሩዋሪ 9 ቀን 2019 ጀምሮ ለአብዛኞቹ በሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡ መድኃኒቶች ተመሳሳይ ባርኮድና ማሸጊያው አስቀድሞ መከፈቱን የሚያሳይ ምልክት ይጠይቃል። ስለዚህ አርኤፍአይዲ ከባርኮዱ ጎን የሚጨመር እንጂ እሱን የሚተካ አይደለም።

ተረት 2፦ መለያው ዕቃው በማንኛውም ሰዓት የት እንዳለ ያሳያል።

እውነታ፦ በብዛት የሚሠራበት መለያ ባትሪ የለውም። ኃይል የሚያገኘው ከአንባቢው መሣሪያ ከሚመጣው ሞገድ ነው፤ አንባቢ በአቅራቢያው ከሌለ ዝም ይላል። በመጋዘንና በማምረቻ መስመር የተለመደው ዓይነት ከ860 እስከ 960 ሜጋኸርትዝ ባለው ክልል ይሠራል፤ በጥቂት ሜትሮች ርቀት ይነበባል። የሚሰጠውም ብዙ ጊዜ ቁጥር ብቻ ነው። የባቹ ታሪክና የጥራት ክፍሉ ውሳኔ የሚገኙት ያ ቁጥር በሚያመለክተው የመረጃ ቋት ውስጥ ነው። ሥርዓቱ በእርግጠኝነት ሊናገር የሚችለው «ይህ ቁጥር በዚህ ሰዓት በዚህ በር ላይ ተነቧል» የሚለውን ነው። በሁለት በሮች መካከል የሆነውን አያውቅም።

ተረት 3፦ ካርቶኑ በአንባቢው ፊት ካለፈ ሁሉም ተቆጥሯል።

እውነታ፦ አንባቢው በሰከንድ በመቶዎች የሚቆጠሩ መለያዎችን ሊያነብ ይችላል። ነገር ግን በዚህ የሞገድ ክልል ውኃ ኃይሉን ይመጥጣል፤ ብረት ደግሞ ይመልሰዋል። ሽሮፕ የተሞሉ 48 ጠርሙሶችን የያዘ ካርቶን አስቡ፤ መሐል ላይ ያሉት በዙሪያቸው ባለው ፈሳሽ ተከልለው 45 ብቻ ሊነበቡ ይችላሉ። የክኒን ማሸጊያ አሉሚኒየምም ተመሳሳይ ችግር ያመጣል። መፍትሔው የአንቴናውን አቀማመጥና የመለያውን ዓይነት በእውነተኛው ምርት ላይ ፈትኖ መምረጥ ነው። ከዚያም የተጠበቀውና የተነበበው ቁጥር ሲለያይ ካርቶኑ እንዲቆም፣ ማን እንደሚቆጥረውና ማን እንደሚፈርም አስቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል።

ተረት 4፦ መለያ ያለው መድኃኒት ሐሰተኛ ሊሆን አይችልም።

እውነታ፦ ቁጥር ይቀዳል። በተራ መለያ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቦ በሌላ ላይ መጻፍ አስቸጋሪ አይደለም፤ ማንነታቸውን በምሥጢራዊ ቁልፍ የሚያረጋግጡ ቺፖች አሉ፣ ዋጋቸው ግን ከፍ ያለ ነው። መከላከያው ቁጥሩን ከአምራቹ መዝገብ ጋር ማመሳከር ነው፤ አንድ ቁጥር በሁለት ቦታ ከታየ ወይም ቀደም ብሎ ተሸጧል ከተባለ ጥርጣሬው ወዲያው መጣራት አለበት።

ተረት 5፦ የሬዲዮ ሞገዱ መድኃኒቱን ያበላሻል።

እውነታ፦ ሞገዱ እንደ ኤክስሬይ ጨረር ሞለኪውልን የሚሰብር ኃይል የለውም። ሊታሰብበት የሚገባው ሞገዱ ሊያመጣው የሚችለው ሙቀት ነው። የአሜሪካው ተቆጣጣሪ በ2004 ለሙከራ ሥራዎች ባወጣው መመሪያ እንደ ክትባት ያሉ ባዮሎጂካል ምርቶችን ከሙከራው ውጭ ያደረገው በጥንቃቄ ነው። ስለዚህ በሙቀት ለሚጎዳ ምርት ማስረጃ መጠየቅ ፍርሃት ሳይሆን ኃላፊነት ነው።

ተረት 6፦ ሥርዓቱ ከተተከለ ለቁጥጥር ዝግጁ ነን።

እውነታ፦ የአሜሪካው የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ደንብ ከ1997 ጀምሮ ሥርዓቱ በትክክል መሥራቱ በፈተና እንዲረጋገጥ፣ መዝገብ ሲቀየር ማን፣ መቼ፣ ምን እንደቀየረ የሚያሳይ የማይፋቅ ዱካ እንዲቀር ይጠይቃል። ሁሉም ሠራተኛ በአንድ የይለፍ ቃል የሚገባበት ሥርዓት በሺህ የሚቆጠሩ ንባቦች ቢኖሩትም ተጠያቂውን አያሳይም።

አርኤፍአይዲ ጉልበቱን የሚያሳየው ሥራው በሥርዓት ሲያዝ ነው። ጥሬ ዕቃ በሚመዘንበት ክፍል የዕቃው ከረጢት መለያ ሲነበብ፣ ባቹ ገና በጥራት ክፍል ካልተለቀቀ ሚዛኑ ሥራ እንዳይጀምር ማድረግ ይቻላል። ስሕተቱ በወረቀት ላይ ከመገኘቱ በፊት በቦታው ይቆማል፤ የታማሚው ጥቅምም እዚህ ላይ ነው።

በኢትዮጵያም የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ጂኤስ 1 በተባለው ድርጅት ዓለም አቀፍ የባርኮድ ደረጃዎች ላይ የተመሠረተ የመድኃኒት ዱካ መከታተያ ሲያስተዋውቅ፣ ጉዳዩ የአገር ውስጥ አምራቾችም ጉዳይ ሆኗል። አንባቢ መሣሪያ ከመግዛት በፊት ደንቡ የትኛውን መዝገብ እንደሚጠይቅ አንቀጽ በአንቀጽ መጻፍ፣ ከዚያም ባርኮድ ይበቃ እንደሆነ መመዘን ይገባል። አርኤፍአይዲ የሚያስፈልገው ዕቃው ሳይከፈት ወይም ሠራተኛ ሳይነካው መነበብ ሲኖርበት ከሆነ፣ ገንዘቡ ለዚያ ቦታ ይውጣ። ለተቀረው የሠለጠነ ሠራተኛና የማይጭበረበር መዝገብ ይቅደም።