ውሻችን ከተራራው ግርጌ ለምን ቀረ?

በአገራችን የወቅቶች አቆጣጠር መፀው የሚባለው ወቅት ከመስከረም 26 ቀን ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ድረስ ይዘልቃል። ወቅቱ ሊገባደድ ሲቃረብ ዝናቡ ያቆማል፣ ሰማዩ ይጠራል፣ መንገዱም ይደርቃል፤ ስለዚህም ለተራራ ጉዞ ይመረጣል። እኛም አምስት ጓደኛሞች ሆነን በኅዳር ወር መጨረሻ ወደ ባሌ ተራሮች የተጓዝነው ይህንኑ በማሰብ ነበር። ስድስተኛው ተጓዥ ቡቺ ነበር፤ ቤተሰቦቹ ሮቤ የሚኖሩት ጓደኛችን ከቡችላነቱ ጀምሮ ያሳደገው ውሻ።

ዲንሾ ከሚገኘው የብሔራዊ ፓርኩ መግቢያ ስንደርስ ግን አንድ አዛውንት ጥበቃ አስቆሙን። «ልጆቼ፣ እናንተ ግቡ፤ ውሻው አይገባም» አሉን። ቡቺ ሰው ነክሶ እንደማያውቅ፣ ከሕፃናት ጋር የሚጫወት ገራም ውሻ እንደሆነ አስረዳናቸው። እርሳቸውም «መናከሱን መቼ ፈራሁት? ለመሆኑ ተከትቧል?» ሲሉ ጠየቁ። ጓደኛችን አንገቱን ደፋ። ቡቺ በመንደሩ ውስጥ ከአንድ የጓደኛችን ዘመድ ቤት ታስሮ ቀረ፤ እኛም ጩኸቱ እስኪርቀን ድረስ እያዘንን፣ በጥበቃውም ቅር እየተሰኘን ጉዟችንን ቀጠልን። ለመሆኑ አንድ ጤነኛ የሚመስል ውሻ ለአንድ ሰፊ ተራራ ምን ዓይነት አደጋ ሊሆን ይችላል?

የመፀው ማለዳ በወይብ ሸለቆ

የመጀመሪያውን ሌሊት ያሳለፍነው 3,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው የወይብ ሸለቆ ነበር። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው ሁለት ሦስተኛውን ያህል ብቻ በመሆኑ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ያንሳል። ትንሽ ዳገት ስንወጣ ያለከልከን የነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

ሲነጋ ድንኳናችን በነጭ አመዳይ ተሸፍኖ አገኘነው። በክረምት ደመናው ከምድር የሚወጣውን ሙቀት እየመጠጠ ከፊሉን ወደ ምድር ይመልሳል፤ በመፀው መጨረሻ ግን ሰማዩ ጥርት ያለና አየሩ ደረቅ ስለሆነ ምድር ቀን ያጠራቀመችውን ሙቀት ሌሊቱን በጨረር መልክ ወደ ሕዋ ትለቃለች። የቀዘቀዘው አየር ከባድ በመሆኑ ከተራሮቹ ጎን እየተንሸራተተ ወርዶ በሸለቆው ውስጥ ይተኛል። ውርጩ ከኮረብታው ይልቅ በሸለቆው የሚበረታው ስለዚህ ነው።

ፀሐይ ወጥታ አመዳዩ ሲቀልጥ ሸለቆው ሕይወት ዘራ። በዓለም ላይ በባሌ ብቻ የሚገኘው ግዙፍ ፍልፈል ከጉድጓዱ ብቅ እያለ ሣር መንጨት ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ እግሮቹ ረዘም ያሉ፣ ደረቱና ጉሮሮው ነጭ የሆነ አንድ ቀይ ቀበሮ በዝግታ ሲራመድ አየን። የምግቡን አብዛኛውን ክፍል የሚይዙት ፍልፈልና አይጥ በቀን የሚወጡ ስለሆኑ እርሱም የሚያድነው በቀን ነው።

ቀበሮ ሳይሆን የውሻ ዘመድ

ይህ እንስሳ በአማርኛ ቀይ ቀበሮ ቢባልም በዘረመል ጥናት እንደተረጋገጠው ከቀበሮዎች ይልቅ ለተኩላና ለቤት ውሻ የቀረበ ነው። ሳይንሳዊ ስሙም ካኒስ ሲሜንሲስ ሲሆን የመጀመሪያው ቃል ውሻና ተኩላ የሚጋሩት የወገን መጠሪያ ነው። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች በስተቀር በየትም አይገኝም። ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 እንደማይበልጡ የሚገመት ሲሆን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት በባሌ ተራሮች ነው።

ይህ ዝምድና ችግርን ይዞ ይመጣል። ውሻን የሚያጠቁ ቫይረሶች ቀይ ቀበሮንም በቀላሉ ያጠቃሉ። ከእነዚህም ዋነኞቹ የእብድ ውሻ በሽታ እና የኩፍኝ ቫይረስ ዘመድ በሆነ ቫይረስ የሚመጣው የውሾች ዲስቴምፐር ናቸው።

የቀይ ቀበሮ አኗኗርም ለበሽታው መንገድ ይከፍታል። እያንዳንዱ እንስሳ ብቻውን ቢያድንም ኑሮው በመንጋ ነው። የመንጋው አባላት በማለዳና በምሽት ተሰብስበው አፍንጫ ለአፍንጫ እየተነካኩ ሰላምታ ይለዋወጣሉ፤ ድንበራቸውንም በኅብረት ይጠብቃሉ። ቡችሎች የሚወለዱት በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ሲሆን ከእናታቸው ሌላ ቀሪዎቹ አባላትም ምግብ እያመጡ ይመግቧቸዋል። እኛ በሸለቆው በተገኘንበት የመፀው መጨረሻ እንግዲህ በየጉድጓዱ ጨቅላ ቡችሎች የሚገኙበት ጊዜ ነበር። ቤተሰቡን ያቆየው መቀራረብ በሽታ ሲገባ ቤተሰቡን የሚፈጅ መንገድ ይሆናል።

ጤነኛ መሳዩ ውሻ

የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ በንክሻ ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ በነርቭ በኩል ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ይህ ጉዞ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ሊፈጅ ይችላል። ከአንጎል ተነሥቶ ወደ ምራቅ ዕጢዎች ሲደርስ ደግሞ ውሻው የሕመም ምልክት ከማሳየቱ ከቀናት በፊት ቫይረሱ በምራቁ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ «ውሻችን ጤነኛ ነው» የሚለው ክርክራችን ከሳይንስ አንጻር ብዙም ክብደት አልነበረውም።

የተከሰተውም ነገር ይህንኑ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1991 እና 1992፣ ከዚያም በ2003 እና 2004 በተነሡት ወረርሽኞች በወይብ ሸለቆ በተመራማሪዎች ክትትል ከሚደረግላቸው ቀይ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ አልቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 እና በ2015 ደግሞ ዲስቴምፐር ብዙዎችን ገድሏል።

የክትባት ስሌት

ታዲያ መፍትሔው ውሾችን ሁሉ ከበር መመለስ ነውን? በፓርኩ ውስጥና ዙሪያ የሚኖሩ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ከጅብ የሚጠብቁት በውሻ ነው፤ ውሻቸውን አስወግዱ ማለት አይቻልም። የሚቻለው መከተብ ነው።

ምን ያህሉን? አንድ የታመመ ውሻ በአማካይ 1.5 ውሾችን ያስይዛል እንበል። ሥርጭቱ እንዲቆም ይህ ቁጥር ከ1 በታች መውረድ አለበት፤ ለዚህም ከውሾቹ አንድ ሦስተኛው በላይ በክትባት የተጠበቁ ሊሆኑ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን 70 በመቶው እንዲከተቡ ይመክራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የተከተቡ ውሾች ይሞታሉ፣ ያልተከተቡ ቡችሎች ይወለዳሉ። ከ100 ውሾች 70ው ተከትበው በየዓመቱ አንድ ሦስተኛው በአዲስ ቢተኩ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ 47 ገደማ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ 31 ብቻ የተከተቡ ይቀራሉ። ይህም ከሚፈለገው አንድ ሦስተኛ በታች ነው። አንድ ጊዜ ከትቦ መተው የማይበቃው ለዚህ ነው።

ለቀይ ቀበሮዎች ስሌቱ ይለያል። በ2003 እና 2004 ወረርሽኝ ወቅት ተመራማሪዎች የወይብን ሸለቆ ከሌሎች አካባቢዎች ጋር በሚያገናኙ ጠባብ መተላለፊያዎች ያሉትን እንስሳት ከትበው በሽታው እንዳይሻገር ጥረት አድርገዋል። የተገኘው ውጤትና የሒሳብ ሞዴሎች እንዳመለከቱት ከቀይ ቀበሮዎቹ ከ20 እስከ 40 በመቶ የሚሆኑትን መከተብ እንኳ ትልቁን እልቂት ለመከላከል ይረዳል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ደግሞ ክትባቱ በፍየል ሥጋ ውስጥ ተደርጎ እንስሳው ሳይያዝ እንዲበላው እየተደረገ ነው።

ወደ ቡቺ

በሦስተኛው ቀን ወደ ዲንሾ ስንመለስ ቡቺ በደስታ ሊበጥሰን ደረሰ። ጥበቃውንም ይቅርታ ጠየቅናቸው። ሮቤ እንደገባን መጀመሪያ የሄድነው ወደ እንስሳት ክሊኒክ ነበር። ተከተበ ማለት ግን ወደ ፓርኩ ይገባል ማለት አይደለም፤ የእብድ ውሻ ክትባት ዲስቴምፐርን አይከላከልም፤ የቤት ውሻ ከቀይ ቀበሮ ጋር ተዳቅሎ ዘሩን ሊያደባልቅም ይችላል።

አንባብያን ሆይ፣ ጉዳዩ የቀይ ቀበሮ ብቻ አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ በሰው ላይ ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል። ስለዚህ በውሻ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ ለ15 ደቂቃ ያህል በውኃና በሳሙና አጥቦ፣ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርበታል። በየቤታችሁ ውሻ ያላችሁም ያ አዛውንት የጠየቁንን ጥያቄ ዛሬውኑ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ለመሆኑ ተከትቧል?